መጋቤ በርሜልና የብረት ጋኖቹ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት የጣታቸውን አንጓ ነው። የቀኝ እጃቸው የመሃል ጣት አንጓ እንደ ቀንድ ጠጥሯል። ለካ ሰውየው ባለፉበት ሁሉ ዕቃ ያንኳኳሉ፤ በርሜል፣ ገንቦ፣ ባልዲ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የጠበል ጋን ሳይቀር። አንኳኩተው ጆሯቸውን ጠጋ ያደርጉና እንደ ሐኪም ያዳምጣሉ። «ይኼ ያዛልቃል» ካሉ ደህና ነው። ራሳቸውን ነቅንቀው ከሄዱ ግን የዕቃው ባለቤት ቀኑን ሙሉ ዕቃውን ሲያገላብጥ ይውላል።

በየከተማው፣ በዚያ ከተማ የሌለውን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ባሕር በሌለበት ስለ መርከብ፣ ባቡር በማይደርስበት ስለ ሐዲድ ያስተምራል። ይህ ሰው የሌለበት ከተማ አላየሁም፤ ካለም ሕዝቡ ገና ሳይመሽ የሚተኛ ከተማ መሆን አለበት። ይጁቤ ስለ ፈረንጅ ፍርድ ቤት ሥነ ሥርዓት የሚያውቅ አንድ አላት። ደምበጫ ስለ አውሮፕላን ሞተር የሚያስረዳ አላት፤ የሚያስረዳውም ፈረስ እየጫነ ነው። የደብረ ማርቆሱ ግን ሁሉንም ያስከነዳል። የእኛ ሰው የሚያውቁት ስለ ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማከማቻ ነው።

ስማቸው አቶ ደምለው ይባላል። የሰፈሩ ሰው «መጋቤ በርሜል» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል፤ ሲጠሩበትም አይከፉም፤ እንዲያውም ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። በጎልማሳነታቸው ከአገር ጠፍተው አሰብ ወርደው፣ በአንድ መርከብ ማዕድ ቤት ተቀጥረው፣ መርከቡ አልጄርያ ጠረፍ ላይ ተበላሽቶ ቢቀርባቸው እዚያው ወደብ የጋዝ ማከማቻ ቀለም ሲቀቡ ከርመው ነው የተመለሱት። ሌላው ከባሕር ማዶ ኮት ለብሶ፣ ሰዓት አስሮ ይመጣል። እሳቸው ይዘው የመጡት የጋን ዓይነት ነው። ዛሬ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ናቸው፤ የላምባ ማሾና ባልዲ ይሠራሉ፤ አጥራቸው ከእናቴ አጥር ጋር አንድ ነው።

እኛ ጋዝ ስንል ላምባ ማለታችን ነው። የእሳቸው ጋዝ ግን ሌላ ነው። «ከምድር ሆድ የሚወጣ እስትንፋስ ነው» ይላሉ። «አይታይም፣ አይጨበጥም። ብርድ ብቻ ያሸንፈዋል። ካበረዱት ውሃ ይሆናል። ስድስት መቶ ቅል እስትንፋስ አንዲት ቅል ውሃ ሆኖ ቁጭ ይላል።»

«የጮቄ ተራራ ብርድ ይበቃዋል?» ሲል ጠየቃቸው አንድ ቀን የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ታረቀኝ።

«ለእሱ ጮቄ ማለት ምድጃ ዳር መቀመጥ ነው።»

እኔ ይህን ስሰማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስድስት መቶ እስትንፋስ በአንዲት ቅል። ለክረምት ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ በመጣሁ በማግስቱ ነበር፤ ቤቴ ገብቼ ስለዚሁ ግጥም ጻፍኩና ወስጄ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ግድግዳው አንድ ነው» አሉኝ። «ያፈሳል።»

የመጋቤ በርሜል ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፤ «ግድግዳው ስንት ነው?» አዲስ ቤት ሲመረቅ ይጠይቃሉ። አዲስ ሹም ሲመጣ ይጠይቃሉ። ሙሽራ ሲገባ ይጠይቃሉ፤ ሚዜዎቹም ምን ብለው እንደሚመልሱ ግራ ይገባቸዋል። አንድ ለቅሶ ቤት የሬሳ ሳጥኑን ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ ታረቀኝ ደርሶ ክንዳቸውን ባይዝ ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

ጋኖቹን ሁላችንም ከዳዊት በላይ በቃላችን እናውቃቸዋለን። ባለ አንድ ግድግዳው አለ፤ በዙሪያው የአፈር ግድብ ይሠራለታል፤ ካፈሰሰ ግድቡ ይይዘዋል፤ ሰፊ መሬት ላለው ሰው ነው። ጋን በጋን ውስጥ የሆነው ባለ ሁለት ግድግዳ አለ፤ በመሃሉ እንደ አመድ የቀለለ ነጭ የድንጋይ ዱቄት ይሞላል፤ ብርዱ እንዳይወጣ፣ ሙቀቱ እንዳይገባ። ይኸኛው ሰው ለሚኖርበት አካባቢ ነው። እንደ ቀሚስ ሽንሽን የታጠፈ ስስ ብረት ውስጡን የለበሰው አለ፤ ብርዱ ሲያኮማትረው ሽንሽኑ ይሰበሰባል እንጂ ብረቱ አይሰነጠቅም፤ መርከብ ይህን ይወዳል። በመኪና የሚጫን፣ ረጅም፣ ሁለት ጫፉ ክብ የሆነ ትንሽ ጋን አለ። ደግሞ የተቀበረው አለ። የተቀበረው ጋን ታሪክ ረጅም ስለሆነ ሁልጊዜ ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

ሰውንም የሚመድቡት በዚሁ ነው። ታረቀኝ ባለ አንድ ግድግዳ ነው፤ ጠዋት የነገርከው ነገር ለምሳ ደምበጫ ይደርሳል፤ ግድቡ ሚስቱ ወለተ ኢየሱስ ናት፤ እሷም አንዳንዴ ትናዳለች። የአውራጃው ዳኛ የተቀበረው ዓይነት ናቸው፤ ከላይ ባርኔጣቸው ብቻ ነው የሚታየው። እናቴን፣ ወይዘሮ የዓለምዘርፍን፣ «ባለ ሁለት ግድግዳ» አሏት። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

እናቴ ግን ጠላ ጠማቂ ናት። ጋን ምን እንደሚያህል፣ ሆዱም የት ድረስ እንደሆነ ታውቃለች።

«እኔን ነው ጋን ያሉኝ?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ ላይ ሰላምታ ቀረ።

ይህ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት መግቢያ ነው። ክረምት ሲገባ የዓባይ በረሃ መንገድ ይናዳል፤ መንገዱ ሲናድ ላምባ ከከተማው ይጠፋል። ሐምሌንና ነሐሴን ሰፈራችን በጨለማ ይዳብሳል፤ ተማሪ አያጠናም፤ እናቴ ጌሾውንና ብቅሉን በእጇ እየዳበሰች ትለያለች። መጋቤ በርሜል ይህን ለዓመታት ሲታገሡ ኖረው በዚያ ዓመት እድሩ ፊት ቆሙ።

«ጋን የተፈጠረው ለምንድን ነው?» አሉ። «የፈረንጅ ክረምት በረዶ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ቤቱን ማሞቅ ስለሚፈልግ ጋዙ አይዳረስም። ስለዚህ በበጋ ሞልተው ለክረምት ያስቀምጣሉ። ይኼው ነው። እኛም ላምባውን መንገድ ሳይዘጋ እናምጣና አንድ ላይ እናስቀምጥ። ጋኑን ለእኔ ተዉት።»

እድሩ ተስማማ። ሳቀም፣ ተስማማም። መንገድ ሠሪዎች ከከተማው ዳር ጥለውት የሄዱት የቦቴ ጋን ነበር፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ተጠርቶ በግንድ ላይ እያንከባለለ፣ እየዘፈነ አመጣው። መጋቤ በርሜል ከደጃቸው ፊት፣ ከእኛ አጥር ሥር አስቀመጡትና በዙሪያው እስከ ጉልበት የሚደርስ የአፈር ግድብ መሥራት ጀመሩ።

እናቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። እሳቸውን ግን አላናገረችም፤ እኔን ነው ያናገረችኝ፤ ድምፅዋ እንዲሰማ አድርጋ። «ልጄ፣ ጋን ሲታጠር አይተህ ታውቃለህ? ይሮጣል እንዴ?»

«ከሮጠ ብዬ ነው» አሉ መጋቤ በርሜል፣ አካፋቸውን ሳያቆሙ። እሳቸውም ያናገሩት እኔን ነው።

ሰው በየዕለቱ እየመጣ ያሾፍ ነበር። አንዱ «በጉ ወጥቶ እንዳይጠፋ ነው?» ይላል። ሌላው «አልጄርያ ድረስ ሄደው የተማሩት መደብ መሥራት ነው?» ይላል። እሳቸው ግን አፈሩን እየደለደሉ ዝናብ ላይ ይውላሉ። በእጃቸው ይደመድማሉ፣ በእግራቸው ይረግጣሉ፤ ማታ ጭቃ ሆነው ለብቻቸው ቤታቸው ይገባሉ። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች።

እናቴ ይህን ሁሉ በአጥሩ ስንጥቅ ታያለች። ባለ ሁለት ግድግዳ ናትና ምን እንዳሰበች ማንም አላወቀም።

እድሩ ላምባ እንዲያመጣ የቀጠረው ሾፌር «ዓባይን ተሻግሬያለሁ፤ ደጀን ነኝ» ብሎ ላከ። ነገ ይደርሳል ተባለ። በማግስቱ ጠዋት ጥቂት ጎረቤት ጋኑ ዘንድ ተሰብስቦ ሳለ እናቴ ከቤት ወጣች። ነጭ ነጠላዋን አደግድጋለች። በእጇ ትልቅ የገንቦ ገል ይዛለች፤ ገሉ ላይ ፍም አለ፤ ፍሙ ላይ ወይራ ይጨሳል።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«ዕቃ ሳይታጠን ይሞላል?» አለችኝ። «ሚስት ቢኖራቸው ይህን ታደርግላቸው ነበር። ሰውየው ደከሙ። ቂሙም ይብቃ።»

በአገራችን ያልታጠነ ጋን ውስጥ ምንም አይገባም። ወተትም ቢሆን፣ ጠላም ቢሆን፣ መጀመሪያ ወይራው ይገባል፤ ጢሱ ሆዱን ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዕቃው ዕቃ የሚሆነው። የሰው ጋን ማጠን ደግሞ ለዘመድ ብቻ የሚደረግ ነው። እናቴ በአንድ ገል ፍም ይቅርታ ጠይቃ፣ ይቅርታ ሰጥታ፣ ዝምድናም ጨምራ እየሄደች ነበር።

መጋቤ በርሜል ክዳኑን ከፍተው የጋኑን አፍ በጨርቅ ይወለውላሉ። ቀና ሲሉ አዩዋት። ሰው እንደዚያ ሲገረጣ አይቼ አላውቅም። ጨርቁን ጣሉና ጋኑ ላይ ወጥተው አፉ ላይ ተቀመጡበት፤ ጋቢያቸውንም እንደ ዶሮ ክንፍ ዙሪያውን ዘረጉት።

«እትዬ የዓለምዘርፍ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እዚያው ይቁሙ።»

እናቴ ግድቡ አፋፍ ላይ ደርሳለች። «ላጥንልዎ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚያው ይቁሙ።»

«እኔ ይቅር ብዬ ስመጣ፣ እርስዎ አፉ ላይ ተቀመጡብኝ?»

ታረቀኝ ሳቀ። ወለተ ኢየሱስ ጎሸም አደረገችው። እናቴ ፊቷ ሲቀላ አየሁ፤ አንድ እግሯ ግድቡን ሊሻገር ተነሥቷል።

«በዚያ አገርም ጋን ይታጠናል» አሉ መጋቤ በርሜል።

እግሯ ተመለሰ። «ፈረንጆቹም ያጥናሉ?»

«ያጥናሉ። ሳያጥኑ አይሞሉም። ነገር ግን የሚያጥኑት በማይነድ አየር ነው። መጀመሪያ ያ አየር ይገባል፤ የነበረውን አየር አባርሮ ያስወጣል። ከዚያ ፈሳሹን ወዲያው አይጨምሩትም። ጥቂት ጥቂት እያሉ ይረጩታል፤ ጋኑ ቀስ ብሎ ይበርዳል። በአንዴ ካፈሰሱት ግን ይሰነጠቃል። ከእሳት ላይ በወጣ ሸክላ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ማፍሰስ ነው።»

«ያማ ይሰነጠቃል» አለች እናቴ። ይህን ታውቃለች።

እናም መጋቤ በርሜል ቀጠሉ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲናገር ትተውት አይሄዱም፤ ጀርባም አይሰጡም። ሁሉም ቆመ። ስለ ወደብ ጋን ነገሩን፤ መርከብ እስኪመጣ ሞልቶ ይጠብቃል፤ መርከቡ ሲመጣ ይገለብጣል፤ እንደገና ይሞላል። ከመርከቡ ባሻገር፣ በወዲያኛው ወደብ፣ ሌላ ጋን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ስለ ክረምት ጋን ነገሩን። በመኪና ስለሚጫነው ትንሽ ጋን ነገሩን፤ ቧንቧ ወደማይደርስበት ከተማ የሚሄደው እሱ ነው።

«እንደ እኛ ያለ ከተማ?» አለች እናቴ።

«እንደ እኛ ያለ።»

ነፋስ ነፈሰ። ፍሙ የለበሰው አመድ በረረ፤ ፍሙም ቀላ። እናቴ እንደ ልማዷ ገሉን ወደ አፏ አስጠግታ እፍ ልትለው ትንፋሽ ሳበች።

«እትዬ የዓለምዘርፍ» አሉ መጋቤ በርሜል ፈጥነው፤ «እስቲ ልጠይቅዎ። እርስዎ ጋን የሚያጥኑት እንዴት ነው?»

በሕይወታቸው ሰው ጠይቀው መልሱን ለመስማት ሲጠብቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ትንፋሹን ለወሬ አዋለችው። እንዴት መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል እንደሚታጠብ፣ እንዴት ወይራው እርጥብም ደረቅም መሆን እንደሌለበት፣ የጎረቤቷ የአሰገደች ጋን ለምን ሁልጊዜ እንደሚኮመጥጥ፣ ስስት እንዴት ጠላን እንደሚያበላሽ አስረዳች። እጇ እየወረደ መጣ። ወለተ ኢየሱስ የማትስማማበት ነገር ነበራት፤ እሱም ታየ። ወይራው ጢሱን ጨረሰ። ፍሙ አመድ ለበሰ፤ አመዱ ነጣ፤ ከዚያም ጠቆረ። የመጋቤ በርሜል ዓይን ፍሙ ላይ ነበር፤ ወይም እኔ እንደዚያ ይመስለኛል።

«… ሦስተኛው ጊዜ ላይ ክዳኑ ግጥም ይደረጋል» ስትል እናቴ፣

«ይህ ጋን ቤንዚን ነበረበት» አሉ መጋቤ በርሜል።



«ባዶ ነው እኮ» አለ ታረቀኝ።

«ባዶው ነው የሚብሰው። ፈሳሹ ቢሄድ እስትንፋሱ ቀርቷል። እኔ የተቀመጥኩበት አፍ ይተነፍሳል፤ የወጣው ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ግድቡ ውስጥ ይተኛል።»

እናቴ እግሯ ሥር ያለውን ግድብ አየች። ገሉን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝና ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ወለተ ኢየሱስ አማተበች። ታረቀኝ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተራመደ፤ ሦስት ቤት ያህል ርቆ ቆመ።

እናቴ ስትናገር አልጮኸችም። «አንቱ ሰው» አለች። «አልጄርያ ያለውን ጋን በሙሉ የሰፈሩ ልጆች በሕልማቸው ያውቁታል። መርከብ ላይ ያለውን ነገሩን። የተቀበረውን ሳይቀር ሊነግሩን ጀምረዋል። ከደጄ ስላለው ጋን ግን አንድ ቃል አልነገሩኝም።»

መጋቤ በርሜል ጋቢያቸውን ሰብስበው ከጋኑ ወረዱ።   

«እውነትዎን ነው» አሉ።

«እሺ። እና በምን ይታጠናል?» አለች እናቴ፣ ጭቃውን ከቀሚሷ እያራገፈች።

«በውሃ። እስከ አፉ ከሞላነው እስትንፋሱን አባርሮ ያስወጣዋል።»

ሰፈሩ በእንስራና በባልዲ ከወንዝ ተመላለሰ። የመጀመሪያውን እንስራ የገለበጠችው እናቴ ናት፤ የጋን ማጠን መብቷን ለማንም አልሰጠችም። ጋኑ ሞልቶ ሲፈስ እኔ እንኳ የቤንዚኑን ሽታ በአፍንጫዬ ስሸኘው ይሰማኝ ነበር። ከሥር ባለው ቧንቧ አፈሰሱት፣ እንደገና ሞሉት፣ እንደገና አፈሰሱት።

ላምባው ግን በተባለው ቀን አልመጣም። ሾፌሩ ሉማሜ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከእናቴ ወቀሳ በኋላ መጋቤ በርሜል ከቤታቸው አይወጡም ነበር። ሲወጡም ሰላም ብለው ያልፋሉ። ታረቀኝ ሆን ብሎ አዲስ ባልዲ ደጃቸው አስቀመጠ፤ በአጠገቡ አለፉ። ሰው ማታ ማታ የሚያወራው አጣ፤ ቶሎ መተኛት ጀመርን። የሚያሰለቹኝ ይመስሉኝ የነበሩት ሰው፣ ሲጠፉ ከተማዬን ይዘዋት እንደሄዱ ተሰማኝ።

አንድ ጠዋት እናቴ አጥሩ ዘንድ ሄደች። በጣሳ ጠላ ይዛለች።

«አያ ደምለው» አለች። «ያ የተቀበረው ጋን፤ ምነው ሳይጨርሱት ቀሩ?»

ጣሳውን ወደ አጥሩ ስንጥቅ አስጠጋች።

«ምድር ውስጥ ሲቀበር አይበሰብስም?» አለች። «ብርዱስ አፈሩን ምን ያደርገዋል?»

የእሳቸው በር ሲከፈት ሰማን።

«አፈሩ» አሉ መጋቤ በርሜል፣ ድምፃቸው ገና ሻካራ ነው፤ «አፈሩ ይበርድና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ስለዚህ ራሱ አፈሩ ግድግዳ ይሆናል …»

ጠላውን በአጥሩ ስንጥቅ ተቀበሉ። ታረቀኝ መርፌውን ኮሌታው ላይ ሰክቶ መጣ። ወለተ ኢየሱስ መጣች። የተቀበረው ጋን ታሪክ እስከ ምሳ ቆየ፤ ማንም አልሄደም።

የላምባው መኪና ጡሩምባ የተሰማው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ መንገዱ ሮጠ። እኔና መጋቤ በርሜል ደጃቸው ላይ ብቻችንን ቀረን፤ እሳቸው ጋቢያቸውን እያደገደጉ፣ እኔ ስንት ቀን በሆዴ የያዝኩትን ጥያቄ ይዤ።

«ጋሼ ደምለው» አልኩ። «ያን ዕለት አንድ ቃል ቤንዚን ብለው ቢጮሁ ይበቃ ነበር። እናቴ ደንግጣ ገሉን እንዳትጥለው ብለው ነው ወሬውን ያረዘሙት? ወይስ ወሬው ራሱ ጣፍጦዎት?»

ቀና ብለው አዩኝ። ከንፈራቸው ሊናገር ተንቀሳቀሰ። እኔም ለመስማት ደጃፉ ላይ ተደላድዬ ቆምኩ፤ እስኪመሽ ቢያወሩኝ እስኪመሽ ለመስማት ተዘጋጅቼ።

«አሁን ሥራ አለብኝ» አሉና የላምባ መገልበጫ ቧንቧቸውን በትከሻቸው አድርገው፣ ጭቃውን እየዘለሉ፣ ወደ መኪናው ሄዱ።